ግላዲዮለስ

በላቲን «ትንሽ ሰይፍ» ማለት ነው፤ «ግላዲያተር»ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ስሙን ያሰጠው ሹል ቅጠሉ እንጂ አበባው አይደለም። አበባ መሸጫ ውስጥ ብቻ የሚያውቀው ሰው የአውሮፓ ተክል ይመስለዋል፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ግን የሚበቅሉት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

ከመሬት በታች ያለው አካሉ «ኮርም» ይባላል። «ሽንኩርት» ማለት ያሳስታል፤ ሽንኩርት ሲቆረጥ ንብርብር ነው፣ ኮርም ግን ድፍን፣ ምግብ ያጠራቀመ ያበጠ ግንድ ነው። ለእኔ ከአገራችን ቃላት የሚቀርበው የእንሰቱ «አምቾ» ነው፤ ለምን እንደማንጠቀምበት አይገባኝም። የግላዲዮለስ ኮርም በየዓመቱ ይተካል፦ አዲሱ በአሮጌው አናት ላይ ያድጋል፣ አሮጌው ይሟሽሻል፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥቃቅን ልጆች ይወጣሉ።

ከዝርያዎቹ አንዱ የሆነው «ግላዲዮለስ ሙሪየሌ» ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ በዱር ይገኛል። «ሙሪየሌ» ሙሪየል ከሚል የሴት ስም የመጣ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ መሃሉ ወይን ጠጅ። የአበባው ቱቦ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ጠረኑም ሲመሽ ይበረታል። የሚጠራው ንብ አይደለም፤ ምላሳቸው እስከ ቱቦው ሥር የሚደርስ ትልልቅ የእሳት እራቶችን ነው።