የጉና ግንባር (2013 ዓ.ም.)

የጉና ግንባር በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወቅት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በጉና ተራራና በጋይንት አካባቢ ውጊያ የተካሄደበት ግንባር ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ የትግራይ ኃይሎች ሰኔ 21 ቀን መቀሌን መልሰው ከያዙ በኋላ ወደ አማራና አፋር ክልሎች ተዛመተ።

የግንባሩ ቁልፍ መንገዱ ነበር። ከወልዲያ ተነስቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ወሎን ከጎንደርና ከባሕር ዳር ያገናኛል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉናም በዚሁ መስመር ላይ ይገኛል። የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ከነሐሴ 6 እስከ 15 ይዘው ቆይተዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በከተማዋ በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን የተናገሩ 16 ሴቶችን አነጋግሮ በ2014 ዓ.ም. ሪፖርት አውጥቷል። ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማዊ ሰዎች ቢሞቱም፣ ከተማዋ አልተያዘችም።

ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት በተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ሆኖም በዚያው ዓመት በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተባብሶ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደቡብ ጎንደርም ዳግም የውጊያ ቀጠና ሆነ።