ባዶ ሆኖ የሚከፈተው ቅጽ፦ የኢሜይል ቅጾችና የጋራ ፎልደር ታሪክ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓመታት የኮምፒውተር መረብ የዘረጉ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የዓመት ፈቃድ መጠየቂያውን፣ የዕቃ ማዘዣውንና የብልሽት ማመልከቻውን ከወረቀት ወደ ኢሜይል ሲያዛውሩ፣ ለየጉዳዩ የተለየ ቅጽ እያዘጋጁ የተሞላውን ሁሉ ሠራተኛው በሚደርስበት የጋራ ፎልደር ውስጥ ማከማቸት ጀመሩ። እዚህ ላይ ቅጽ የሚባለው ተራው የደብዳቤ መጻፊያ ገጽ ሳይሆን፣ የስም፣ የቀን፣ የክፍልና የገንዘብ መጠን መሙያ ሣጥኖች እንዲኖሩት ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ የተሠራ ገጽ ነው። ከዚህ አሠራር ጋር አንድ ግትር ችግር አብሮ ተወለደ፤ አንዱ ሠራተኛ በጥንቃቄ ሞልቶ ያስገባው ቅጽ፣ ሌላው ከጋራው ፎልደር ሲከፍተው ሣጥኖቹ ባዶ ሆነው፣ አንዳንድ ጊዜም ሣጥኖቹ ራሳቸው ጨርሰው ጠፍተው ይታይ ነበር። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህ እንደ መረጃ መጥፋት ተቆጥሮ ሠራተኞች ማመልከቻቸውን ደግመው እንዲሞሉ ተደርገዋል፤ ነገር ግን ታሪኩ ሲመረመር የሚገኘው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የጠፋው መረጃው ሳይሆን መረጃውን የሚያሳየው ገጽ እንደነበረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የጋራ ሰነድን በቅጽ አማካይነት የማስተናገዱ ሐሳብ ከኢሜይሉ ዓለም ውጭ የተጀመረ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሌቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በ1973 የተሠራው ፕሌቶ ኖትስ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ሥፍራ ማስታወሻ እየጻፉ እርስ በርስ እንዲመላለሱ ያስቻለ ፕሮግራም ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሬይ ኦዚ ይህን ልምድ ይዞ በ1984 አይሪስ አሶሲየትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ የኩባንያው ሥራ የሆነው ሎተስ ኖትስም በ1989 ገበያ ላይ ዋለ። የኖትስ ዋና ብልሃት ሰነዶቹንና ሰነዶቹ የሚታዩባቸውን ቅጾች በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ አጣምሮ መያዙ ነበር። የመረጃ ቋቱ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲባዛ ቅጹም ከሰነዱ ጋር አብሮ ስለሚባዛ፣ ሰነዱ በደረሰበት ሁሉ ቅጹ ይገኛል። አይቢኤም በ1995 ሎተስን በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ትልቁ ዒላማው ይኸው ኖትስ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ተወዳዳሪ ምርት ማቅረብ ግድ ሆነበት።

የማይክሮሶፍት መልስ በ1996 የወጣው ኤክስቼንጅ ሰርቨር ነው። የእትሙ ቁጥር ከ4.0 የተነሣው ከእርሱ በፊት የነበረው ማይክሮሶፍት ሜይል 3ኛ ትውልዱ ላይ ደርሶ ስለነበር ነው። ኤክስቼንጅ ለግለሰቦች ከሚሰጠው የመልእክት ሣጥን ሌላ፣ ፐብሊክ ፎልደር የተባሉ፣ መላው መሥሪያ ቤት የሚያያቸውና በየሰርቨሩ የሚባዙ የጋራ ፎልደሮችን ይዞ መጣ። የመልእክቶቹን ዓይነት ለመለየት የተጠቀመበት ስያሜ ግን ከቆየ ምንጭ የተወረሰ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍና የስልክ አማካሪ ኮሚቴ በ1984 ያወጣው ኤክስ.400 የተባለው የኤሌክትሮኒክ መልእክት ደንብ፣ ሰው ለሰው የሚልከውን መልእክት በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ አይፒኤም ብሎ ይጠራው ነበር። በማይክሮሶፍት ሥርዓት ውስጥ ተራው ደብዳቤ አይፒኤም.ኖት፣ በፎልደር ላይ የሚለጠፈው ማስታወሻ አይፒኤም.ፖስት የተባሉት ከዚሁ የተነሣ ሲሆን፣ ይህ ስያሜ የመልእክት መደብ ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ቅጽ ሲሠራ በመደቡ ስም ላይ ሌላ ቃል ይቀጥላል፤ የፈቃድ መጠየቂያው ለምሳሌ አይፒኤም.ኖት.ፈቃድ ይሆናል ማለት ነው።

የኋላው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። የተሞላው መልእክት የሚሸከመው የመደቡን ስምና የተሞሉትን መረጃዎች ብቻ ነው፤ ገጹ ራሱ፣ ማለትም የሣጥኖቹ አቀማመጥ፣ ጽሑፉና ትእዛዙ በሌላ ሥፍራ ይቀመጣል። መልሶቹን በብጣሽ ወረቀት ላይ ብቻ ይዞ፣ ጥያቄዎቹ የታተሙበትን ቅጽ በሌላ ክፍል መሳቢያ ያኖረ መዝገብ ቤት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። አሠራሩ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ መልእክቱ ቀላል ይሆናል፣ ቅጹም አንድ ቦታ ላይ ሲታረም እርማቱ ለሁሉም ይደርሳል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ የአንባቢው ኮምፒውተር በመደቡ ስም የተጠራውን ቅጽ ፈልጎ ካላገኘ ወደ ወላጁ መደብ፣ ማለትም ወደ ተራው ደብዳቤ ይመለሳል፤ ተራው ደብዳቤም የፈቃድ ቀን ወይም የዕቃ ብዛት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ባዶ ገጽ ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ የኤክስቼንጅ ቅጾች በ16 ቢት ቪዥዋል ቤዚክ የተዘጋጁ፣ ለመሥራት አድካሚ የሆኑ ፕሮግራሞች ነበሩ። እውነተኛው መስፋፋት የመጣው የኤክስቼንጅ መልእክቶች የሚጻፉበትና የሚነበቡበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አውትሉክ 97 በ1997 መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ ነው። የአውትሉክ ቅጽ ፕሮግራም ሳይሆን ገጹን የሚገልጽ መጠነኛ መረጃ በመሆኑ፣ የፕሮግራም ሙያ የሌለው የቢሮ ሠራተኛ ሳይቀር ሣጥን እየጎተተ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ስሌትና ማጣራት ለሚፈልገውም ቪቢስክሪፕት የተባለው ቀላል የትእዛዝ ቋንቋ ተጨምሮለት ነበር። የተሠራው ቅጽ ከሦስት ማከማቻዎች በአንዱ ይታተማል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሆነው የድርጅት ማከማቻ፣ በግለሰቡ የግል ማከማቻ፣ ወይም በራሱ በፎልደሩ ማከማቻ። በግል ማከማቻው ያተመ ባለሙያ ቅጹ በራሱ ማሽን ላይ ያለ እንከን ሲሠራለት እያየ ለሌላው ሁሉ ባዶ መሆኑን አያውቅም፤ የዘመኑ የቴክኒክ ድጋፍ ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድመው ቅጹ የት እንደታተመ ይጠይቁ የነበረውም ስለዚህ ነው።

ቅጹ በትክክለኛው ማከማቻ ከታተመ በኋላ ደግሞ ሌሎች የባዶነት ምክንያቶች ይመጣሉ። የአውትሉክ የደብዳቤ ቅጽ የመጻፊያና የማንበቢያ ተብለው የተለዩ ሁለት ገጾች አሉት። ጀማሪው ባለሙያ ሣጥኖቹን በመጻፊያው ገጽ ላይ ብቻ ደርድሮ ማንበቢያውን ሳይነካው ሲተው፣ ላኪው የሞላው ሁሉ ለተቀባዩ አይታይም። መረጃው ግን በመልእክቱ ውስጥ አለ፤ የሚያሳየው ሣጥን ብቻ ነው የሌለው። ከዚህ የሚከፋው ሣጥኑ ከመስክ ጋር ሳይያያዝ ሲቀር ነው። መስክ መረጃው በስም ተመዝግቦ የሚቀመጥበት ቦታ ሲሆን፣ ከየትኛውም መስክ ጋር ያልታሰረ ሣጥን በዓይን ሲታይ እንደ ሌሎቹ ይሞላል፣ መልእክቱ ሲዘጋ ግን የተጻፈበት አብሮ ይጠፋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ መረጃ በእርግጥ ከሚጠፋባቸው ጥቂት ሁኔታዎች ዋነኛው ይህ ነው፤ ሠራተኛው በቅን ልቡና የሞላው ነገር የትም ሳይመዘገብ መቅረቱ የአሠራሩ ትልቅ ጉድለት እንጂ የሠራተኛው ጥፋት ሊባል አይገባም።

ሌላው የብዙ ምሬት ምንጭ ካሽ የሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ነበር። አውትሉክ ቅጹን በየጊዜው ከሰርቨር ላለማምጣት ቅጂውን በኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይህ ቅጂ ሲበላሽ፣ ወይም በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ቅጾች በሁለት ማከማቻዎች ታትመው ሲጋጩ፣ አንዱ ሠራተኛ አዲሱን ቅጽ፣ ጎረቤቱ አሮጌውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ባዶውን ያያል። መፍትሔው ጊዜያዊ ማከማቻውን ማጽዳትና ቅጹን በአንድ ቦታ ብቻ ማተም ነበር። የድርጅት ማከማቻው በቋንቋ የተከፈለ መሆኑም ሳይታሰብ ያደናቅፍ ነበር፤ ቅጹ በእንግሊዝኛው ማከማቻ ታትሞ የሠራተኛው አውትሉክ በሌላ ቋንቋ ሲሆን፣ ቅጹ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። በ2003 እትም ስፋት አግኝቶ በስተቀኝ የተቀመጠው የንባብ ሰሌዳ፣ ማለትም መልእክቱ ሳይከፈት የሚታይበት ክፍል፣ በባለሙያ የተሠራውን ገጽ ስለማያሳይ፣ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ያልከፈተ ሰው ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ማይክሮሶፍት ለዚህኛው በ2007 እትም ፎርም ሪጅን የተባለ አዲስ የቅጽ ዓይነት አቅርቧል፤ አሮጌዎቹ ቅጾች ግን እንደነበሩ ቀሩ።

አንዳንድ ባለሙያዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል የቅጹን ገጽ ከመልእክቱ ጋር አሽገው እንዲላክ ያደርጉ ነበር። ይህ በመርሕ ደረጃ ወደ ኖትስ አሠራር መጠጋት ነው፤ ቅጽና ይዘት አብረው ይጓዛሉ። መንገዱን የዘጋው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በመጋቢት 1999 ሜሊሳ፣ በግንቦት 2000 ደግሞ አይ ላቭ ዩ የተባሉት ተዛማች ፕሮግራሞች በአውትሉክ አማካይነት ራሳቸውን እያባዙ ዓለምን አዳረሱ፤ የኋለኛው የተጻፈውም የአውትሉክ ቅጾች በሚጠቀሙበት በዚያው በቪቢስክሪፕት ነበር። በሰኔ 2000 የወጣው የአውትሉክ የደኅንነት ማሻሻያ በመልእክት ውስጥ ታሽገው የሚመጡ ቅጾች ትእዛዛቸውን እንዳያስፈጽሙ ከለከለ፤ በማከማቻ የታተሙት ብቻ ታማኝ ሆነው ቀሩ። ቆየት ብለው በወጡት እትሞች ደግሞ በጋራ ፎልደሮችና በፐብሊክ ፎልደሮች ውስጥ ስክሪፕት፣ ማለትም የቅጹ ትእዛዝ፣ ይፈቀድ እንደሆነ የሚወስኑ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ተጨመሩ። በሥራ ባልደረባ የመልእክት ሣጥን ውስጥ ያለ የጋራ ፎልደርና ፐብሊክ ፎልደር በአውትሉክ ዓይን አንድ ስላልሆኑ፣ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የረሳ አስተዳዳሪ ያው ቅጽ በአንዱ ቦታ ሲሠራ በሌላው ባዶ ሲሆን ግራ ይገባው ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ መዝጋት የመጣው በ2017 ነው። በዚያ ዓመት ሴንስፖስት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባለሙያዎች፣ የአንድን ሰው የይለፍ ቃል ያገኘ አጥቂ በግል ማከማቻው ውስጥ ተንኮለኛ ቅጽ አትሞ ኮምፒውተሩን ሊቆጣጠር እንደሚችል አሳዩ። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2017 ባወጣው ማሻሻያ በቅጾች ውስጥ ያለው ስክሪፕት ሁሉ፣ በአግባቡ የታተመውም ሳይቀር፣ አስቀድሞ ተዘግቶ እንዲገኝ አደረገ። ብዙ ቅጾች የምርጫ ዝርዝሮቻቸውን የሚሞሉትና ትክክለኛውን ገጽ መርጠው የሚያሳዩት መልእክቱ ሲከፈት በሚሠራ ትእዛዝ ስለነበር፣ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገሉ ቅጾች ከማሻሻያው በኋላ ባዶ ዝርዝርና የማይሠራ ቁልፍ ይዘው ተከፈቱ። ሥራውን መመለስ የፈለገ መሥሪያ ቤት የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብር መዝገብ በሆነው ሪጅስትሪ ውስጥ የሚያምናቸውን የመልእክት መደቦች እየጠቀሰ ማስመዝገብ ነበረበት። እርምጃው ተገቢ ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ ሸክሙ ግን ቅጹን የሠራው ሰው ጡረታ ወጥቶ ወይም ሥራ ለቅቆ በሄደባቸው መሥሪያ ቤቶች ላይ ክፉኛ ወደቀ።

በዚህ መካከል ቅጾቹ ያረፉበት መሬትም ይናወጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በኤክስቼንጅ 2007 ለፐብሊክ ፎልደር የሚሰጠውን ትኩረት ቀነሰ፤ በኤክስቼንጅ 2013 ደግሞ የቆየውን የማባዛት ሥርዓት አስቀርቶ ፎልደሮቹን በመልእክት ሣጥኖች ውስጥ እንዲኖሩ አደረገ። በ2003 የቀረበው ኢንፎፓዝ የተባለው የማይክሮሶፍት የቅጽ ማዘጋጃ ፕሮግራምም ከ2013ቱ እትም ሳያልፍ ቆመ።

ዛሬ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በ2024 በይፋ የተለቀቀው አዲሱ አውትሉክ ለዊንዶውስ እነዚህን ቅጾች አይደግፍም፤ ማይክሮሶፍትም ቪቢስክሪፕትን ከዊንዶውስ ለማስወገድ መወሰኑን በጥቅምት 2023 ካስታወቀ በኋላ፣ በ2027 አካባቢ አስቀድሞ ተዘግቶ እንደሚቀርብና በመጨረሻም እንደሚወጣ በግንቦት 2024 ባወጣው መርሐ ግብር አመልክቷል። በመስኮች የተመዘገበው መረጃ ግን ቅጹ ባይታይም በመልእክቶቹ ውስጥ እንዳለ ስለሆነ፣ ነባሩ አውትሉክ በእጅ ሳለ መስኮቹን በፎልደሩ ዝርዝር ላይ እንደ ዓምድ በማውጣት ማየትና ወደ ሰንጠረዥ መገልበጥ ይቻላል። የሃያ ዓመት የፈቃድ፣ የግዥና የጥገና መዝገብ በእንዲህ ያሉ ፎልደሮች ያከማቹ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥራ ለነገ ሊያሳድሩት አይገባም፤ ባዶ ሆኖ የተከፈተ ቅጽ ያለበትንም ፎልደር፣ በመስኮቹ ውስጥ ያለው ሳይታይ ሊሰርዙት አይገባም።