ጄኔቫ፣ ሮማና የኃይል ሚዛን በ1928 ዓ.ም.

ሁለት ገበሬዎች በወሰን ቢጣሉ ዳኛ ይፈርድባቸዋል፤ አልፈጽምም ያለውን ፖሊስ ያስገድደዋል። በመንግሥታት መካከል ግን ፈርዶ የሚያስፈጽም የበላይ የለም። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁራን ሥርዓተ አልበኝነት የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ጉልበት ይተማመናል፤ ጉልበቱ ሲያንስ ደግሞ ከሌሎች ጋር አብሮ ኃያሉን ለመመከት ይሞክራል፤ የኃይል ሚዛን የሚባለውም ይህ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር ይህን ልማድ ሊሽር ታስቦ ነበር። በቃል ኪዳኑ 16ኛ አንቀጽ መሠረት አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አባል ስትሆን ኢጣሊያም ድምጿን ሰጥታለች።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ግጭት ተነሣ። አዲስ አበባ ጄኔቫ ላይ ወደሚገኘው ማኅበር አቤት ስትል ፓሪስና ለንደን ዓይናቸው በርሊን ላይ ነበር። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ኢትዮጵያ ገናን በምታከብርበት ዕለት፣ ከኢጣሊያው መሪ ከሙሶሊኒ ጋር ሮማ ላይ ስምምነት ተፈራረመ። የጀርመኑ መሪ ሂትለር በዚያው ዓመት መጋቢት የግዳጅ ውትድርና ሲያውጅ ደግሞ ኢጣሊያን ማስቀየም ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ የባሰ ከበዳቸው። ለጀርመን ሚዛን ትሆናለች የተባለችው ኢጣሊያ ነበረችና።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰበብ እንዳይገኝባቸው ጦራቸውን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር አራቁ። ይህን የዋህነት የሚሉት አሉ፤ ፍርዱ ግን ከባድ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር፤ ክልከላው የጎዳው ደግሞ የራሷ ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን ሳይሆን ኢትዮጵያን ነው። መሣሪያ የማይሸጥለት አገር ከሕግ ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። የሚገርመው፣ ኢጣሊያ በአፍሪካ ጦርነት ተጠምዳ እንድትቆይ የፈለገው ሂትለር በምስጢር ጠመንጃና ጥይት ለኢትዮጵያ ማስላኩ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ከኅዳር 8 ጀምሮ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ክፍት ሆኖ ወታደርና መርዝ ጋዝ አሳለፈ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊ ግዛት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ያቀዱት ውል ቀድሞ ወጥቶ ሕዝብ ስለ ተቆጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። የነዳጅ ማዕቀብ ሐሳብም ሲጓተት፣ የካቲት 28 ቀን ሂትለር ጦሩን ጦር እንዳይገባበት በውል ወደ ተከለከለው ራይንላንድ አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይ ኢጣሊያን የምታስከፋበት ልብ አልነበራትም። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን ተሸነፍን፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቢናገሩም ማዕቀቡ በሐምሌ ተነሣ።

ኢትዮጵያን ለሚዛን ብለው የሠዉት መንግሥታት ሚዛኑንም አላገኙም። ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሂትለር ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ወረራውን በኅዳር 1931 ዓ.ም. ያጸደቀችው እንግሊዝ አቋሟን የቀየረችው ራሷ ስትነካ ነው፦ ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ካወጀባት በኋላ ወር ሳይሞላ ስደተኛውን ንጉሠ ነገሥት ወደ ሱዳን አመጣች፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግረው አገራቸው ገቡ።