ለንደንን ያሰከረው ሕግ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የለንደን ድሆች ጂን በሚባለው አረቄ ሲዘፈቁ፣ ሹማምንቱ ጥፋቱን በድሆቹ ጠባይ ላይ አላከኩ። ነገሩ የተጀመረው ግን ከፓርላማው ነው። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት የፈረንሳይ ብራንዲ ታገደ፤ እ.ኤ.አ. በ1690 የወጣው ሕግም ቀረጥ እስከከፈለ ድረስ ማንም ከአገር ውስጥ እህል አረቄ እንዲያወጣ ፈቀደ። በፓርላማው የተቀመጡት ባለርስቶች ለተረፈ እህላቸው ገበያ አገኙ፤ መንግሥትም ገቢ አገኘ። ጂን ረከሰ፤ ከመሸታ ቤት አልፎ በሱቅና በመንገድ ዳር ይቸረቸር ጀመር።

ፓርላማው የደነገጠው ዘግይቶ ነው፤ ሲደነግጥም ከልክ አለፈ። የ1736ቱ ሕግ በጋሎን 20 ሺሊንግ ቀረጥ ጣለ፤ ለችርቻሮ ፈቃድም በዓመት 50 ፓውንድ ጠየቀ። የፈቃዱ ዋጋ በወቅቱ ከአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ይበልጥ ነበር። ፈቃድ ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ንግዱ ጓዳ ገባ። ዳድሊ ብራድስትሪት የተባለ አየርላንዳዊ መስኮቱ ላይ የድመት ምስል ሰቀለ፤ ገዢው በድመቷ አፍ ሳንቲም ሲከት ከመዳፏ ሥር በወጣ የእርሳስ ቧንቧ ጂን ይንቆረቆርለታል። የሻጩን ፊት ያየ ስለሌለ የሚመሰክርበት አይገኝም። ለጠቋሚ ሽልማት ቢመደብም ሕዝቡ ጠቋሚን እያሳደደ ይደበድብ ነበር። በ1743 ሕጉ ተሽሮ ቀረጡም የፈቃዱ ዋጋም ዝቅ አለ፤ ያን ጊዜ ብዙ ቸርቻሪ ወደ መዝገብ ተመለሰ። የ1751ዱ ሕግ ጉዳዩን ያጠበቀው ከዚህ በኋላ ነው፦ ቀረጡን ጨመረ፣ አረቄ አውጪዎች እንዳይቸረችሩ ከለከለ፣ በዱቤ የሸጠም ከ20 ሺሊንግ ላነሰ የመጠጥ ዕዳ መክሰስ እንዳይችል አደረገ።

መጠጥን በዋጋ መግታት አይቻልም፣ ሱሰኛ ዋጋ አይገደውም የሚሉ አሉ። በእርግጥም በ1734 አንዲት እናት ልጇን ገድላ በልጅቱ ልብስ ሽያጭ ጂን ጠጥታለች። ይህ ግን የሚያሳየው ሱስ ከያዘ በኋላ ያለውን ነው፤ ዋጋና የዱቤ ክልከላ ይበልጥ የሚሠሩት ገና ባልተያዘው ላይ ነው። ጂንን ያስቀነሰው የ1751ዱ ሕግ ሳይሆን የ1757ቱ የእህል እጥረት ነው የሚለው ክርክርም እውነት አለው፤ ያን ጊዜ ከእህል አረቄ ማውጣት ታግዶ ነበር። ይሁንና እህሉ ያደረገው ጂንን ማስወደድና ማሳጣት ነው፤ ይህም ዋጋ መጠጥን ይገታል የሚለውን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

እንግሊዝ ለመማር ስድሳ ዓመት የፈጀባት ይህ ነው፦ ቀረጥ መጠጥን የሚገታው ጠጪውን ለማሳሰብ የሚበቃ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሻጩ ከመደበቅ ይልቅ መክፈል የሚሻለው እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።