የአቅም መመዘኛ (ቤንችማርክ)

የአቅም መመዘኛ አንድን ሥራ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ኮምፒውተሮች በእኩል ሁኔታ በመስጠትና የፈጀባቸውን ጊዜ በመለካት ፍጥነታቸውን ማወዳደሪያ ዘዴ ነው። ባለሙያዎች ቤንችማርክ ይሉታል። ከልኬታው የሚገኘው ቁጥር ደግሞ ነጥብ ይባላል።

መመዘኛ ያስፈለገው ፕሮሰሰር ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ስለማያስተማምን ነው። ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ይገልጻል፤ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚያከናውን ግን አይገልጽም። ፔንቲየም 4 እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኮር 2 ዱዎ ግን በ1.86 ጊጋኸርዝ እየሠራ በአብዛኛው ሥራ በለጠው።

እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች ያገለገለ ዴስክቶፕ ለጽሕፈትና ኮፒ ቤት ወይም ለሠርግ ቪዲዮ ቅንብር የሚገዛ ሰው ተመሳሳይ ምርጫ ይገጥመዋል። ለአብነት የኢንቴል ኮር አይ5-2400ንና ኮር አይ3-8100ን ማየት ይቻላል። ስማቸው ብቻ ሲታይ «አይ5» ከ«አይ3» የሚበልጥ ይመስላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ፣ ሁለተኛው በ2017 መጨረሻ የወጡ ናቸው። ሁለቱም አራት ኮርና 6 ሜጋባይት ካሽ አላቸው። አይ5-2400 ከ3.1 እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ፣ አይ3-8100 በ3.6 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ከፍተኛ ፍጥነታቸው ሲነጻጸር ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ በመመዘኛ ሲለኩ ግን አይ3-8100 የሚበልጠው ከዚያ በእጅጉ ሰፋ ባለ ልዩነት ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር በአንድ ምት ብዙ ትእዛዝ ይፈጽማል፤ የሚሠራውም ከዲዲአር4 ራም ጋር ነው፤ አሮጌው ዲዲአር3 ይጠቀማል። የአሮጌው የሙቀት መጠን 95 ዋት ሆኖ ሲመደብ የአዲሱ 65 ዋት ነው።

መመዘኛ በሁለት ይከፈላል። ሰው ሠራሽ የሚባለው ለልኬት ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። 7-ዚፕ የተሰኘው ነፃ የፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም መመዘኛ በውስጡ አለው፤ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በፍላሽ ይዞ ሱቅ ድረስ መሄድ ይቻላል። ሁለተኛው የሥራ መመዘኛ ሲሆን፣ ገዢው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ራሱን ይለካል። ለምሳሌ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ በሁለቱም ማሽኖች ላይ በአንድ ዓይነት ፕሮግራምና በአንድ ዓይነት ጥራት ኤክስፖርት ይደረጋል። አንደኛው በ120 ሰከንድ፣ ሌላው በ80 ሰከንድ ቢጨርሱ 120 ለ80 ተካፍሎ 1.5 ይገኛል። ሁለተኛው የአንደኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል፤ የሥራው ጊዜም በሲሶ ያጥራል ማለት ነው።

ውጤቱ እንዲታመን ከፕሮሰሰሩ በቀር ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት። የራም መጠን፣ ዊንዶውስና የፕሮግራሙ ዓይነት አንድ መሆን ይኖርባቸዋል። አንደኛው ማሽን ኤስኤስዲ፣ ሌላው ሃርድ ዲስክ ከሆነ የሚለካው የዲስኩ ልዩነት ይሆናል። 8 ጊጋባይት ራም በአንድ ቁራጭ ሲገባና በሁለት ባለ 4 ቁራጭ ሲገባም ፍጥነቱ ይለያያል። ልኬታው ሦስት ጊዜ ተደግሞ መካከለኛው ውጤት ይያዛል።

ሙቀትም የልኬታው አካል ነው። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወልቂጤና ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ያገለገለ ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ ማራገቢያው በአቧራ የተሞላ፣ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱም የደረቀ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያልተቋረጠ ልኬታ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የታየው ፍጥነት በአሥረኛው ላይ ላይኖር ይችላል።

ነጥብ ሲነበብ የአንድ ኮር ነጥብና የሁሉም ኮሮች ነጥብ መለየት አለባቸው። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሰንጠረዥ የአንድ ኮር ነጥብ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ የሚፈለገው የሁሉም ነው። ከፍተኛ ነጥብ የማያስፈልግበት ሥራም አለ፤ ለምሳሌ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል። ጥያቄ አንብቦ መልስ መምረጥ ቀላል ሥራ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው የፈተና ክፍል በቂ ብዛት ያላቸው አስተማማኝ ማሽኖች ከጥቂት ፈጣኖች ይመረጣሉ።

ነጥብ ሁሉን አይናገርም። አይ3-8100 ዊንዶውስ 11ን በይፋ ከሚቀበሉት አንዱ ነው፤ አይ5-2400 ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በሌላ በኩል ሥራው ጽሕፈት ብቻ ለሆነ ሰው የአሮጌውን ማሽን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ፕሮሰሰር ከመለወጥ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ማሽኑ የሚገዛለት ሥራ ራሱ ተጭኖበት መለካት አለበት፤ ይህን ልኬታ የሚከለክል ሻጭ ዘንድ መግዛት አይመከርም።