ቂርያት ጋት

ቂርያት ጋት በደቡብ እስራኤል፣ በላኪሽ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከሞሮኮ በመጡ ቤተሰቦች ተቆረቆረች። ስሟ የጎልያድ አገር ከነበረችው ከጌት የተወሰደ ነው፤ ጥንታዊቷ ጌት ግን ከከተማዋ ውጭ ቴል ጻፊት በተባለው ጉብታ ላይ እንደነበረች ቁፋሮ አሳይቷል።

በስኳርና በጨርቃ ጨርቅ የጀመረው ኢንዱስትሪዋ ዛሬ የኢንቴልን ግዙፍ የቺፕ ፋብሪካ ይዟል።

የኢትዮጵያ አይሁዶችን ወደ እስራኤል ካጓጓዙት ከሙሴ ዘመቻ (1984–85 እ.ኤ.አ.) እና ከሰሎሞን ዘመቻ (1991 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በርካታ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ሰፍረውባታል። ከጎንደር ገጠር ለመጣ ገበሬ የኮንዶሚኒየም ኑሮ ከባድ ለውጥ ነበር፤ ቋንቋውና ባህሉ ግን አብረውት ዘልቀዋል። ከዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ በሚከበረው የስግድ በዓል፣ የማኅበረሰቡ አባላት ለጸሎት ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። የማኅበረሰቡ ቄሶች በጥልፍ ጃንጥላ ሥር ኦሪትን ያነባሉ፤ የዕለቱ ጾም ሲፈታም ዳቦ ተቆርሶ ለሁሉም ይታደላል።