በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ጋዝ መብራት ጥራት ይመረመር የነበረበት ሁኔታ

የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ሲግል ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል። በዚህ ጋዝ ለንደንን ለማብራት የመጀመሪያው ኩባንያ ቻርተር ያገኘው በ1812 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የከተማው ነዋሪ ግን የሚገዛውን ጋዝ እንደ እህል ዘግኖ፣ እንደ ጨርቅ ዳስሶ ሊመርጠው አይችልም። ቆጣሪው የሚነግረው መጠኑን ብቻ ነው። ጋዙ ደካማ ሲሆን ያንኑ ብርሃን ለማግኘት አብዝቶ ማንደድ ስለሚያስፈልግ፣ የጥራቱ ጉድለት ለሻጩ ትርፍ ሆኖ ይመለስ ነበር።

በ1860 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ኩባንያ የሽያጭ ክልሉን ሲያጸናለት፣ በአንጻሩ የጥራት ግዴታ ጣለበት። በሰዓት 5 ኪዩቢክ ጫማ የሚነድ ተራ ጋዝ ከ12 ሻማ ያላነሰ ብርሃን እንዲሰጥ ተደነገገ። ሻማውም ከዓሣ ነባሪ ራስ ከሚገኝ ሰም መሰል ስብ የተሠራ፣ ስድስቱ አንድ ፓውንድ የሚመዝኑ፣ አንዱ በሰዓት 120 ግሬይን (7.8 ግራም ያህል) የሚነድ መሆን ነበረበት።

ምርመራው የሚካሄደው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በረጅም ዘንግ አንደኛው ጫፍ የጋዙ ነበልባል፣ በሌላው ሻማ ይቆማል፤ በመካከላቸው መሐሉ ቅባት የተነካ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የቅባቱ ምልክት ከሁለቱም ወገን እኩል ሲታይ ርቀቱ ይለካል። ወረቀቱ ከሻማው ካለው ርቀት ይልቅ ከጋዙ ያለው አራት እጥፍ ቢሆን፣ የአራት ካሬ 16 ስለሆነ ጋዙ የ16 ሻማ ብርሃን አለው ማለት ነው። ይህን ሙከራ ማንኛውም የሳይንስ መምህር በሁለት ሻማና በዘይት በተነካ ወረቀት ሊያሳየው ይችላል።

ችግሩ የነበረው ሒሳቡ ላይ ሳይሆን መለኪያው ላይ ነው። የሻማው ክር ይጎብጣል፤ ነፋስ ነበልባሉን ያወዛውዘዋል፤ የመርማሪውም ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ሻማው ከምርመራው በፊትና በኋላ እየተመዘነ ውጤቱ ይታረም ነበር። ከዚህ ይልቅ የከበደው የማቃጠያው ጉዳይ ነው። ያው ጋዝ በተሻለ ማቃጠያ ሲነድ ብዙ ሻማ፣ በመጥፎው ሲነድ ጥቂት ይሆናል። በ1868 ለሲቲ ኦፍ ለንደን በወጣው ሕግ ደረጃው ወደ 16 ሻማ ከፍ ሲል፣ ስለ መሣሪያውና ስለ አሠራሩ የሚወስኑ ሦስት የጋዝ ዳኞች እንዲሾሙ የተደረገውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በምርመራው ክፍል የሚነደው ግን የተመረጠ ማቃጠያ ነው። በየቤቱና በየሱቁ የነበረው ተራ ማቃጠያ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ብርሃን ይሰጥ ስለነበር፣ ፈተናውን ያለፈው ጋዝ በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ ደብዛዛ ሊሆን ይችል ነበር።

የኦክስፎርዱ ኬሚስት ቬርነን ሃርኮርት ያዘጋጀው፣ በፔንቴን የሚነድ ባለ 10 ሻማ መብራት በ1898 በሻማው ምትክ ለለንደን መለኪያነት ተወሰደ። ነገር ግን ኦስትሪያዊው አወር ፎን ቬልስባክ በ1885 የፈለሰፈው የጋዝ መብራት መረብ በዚህ ጊዜ መስፋፋት ጀምሮ ነበር። በዚህ መብራት የሚያበራው በጋዙ ሙቀት የጋለው መረብ እንጂ ራሱ ነበልባሉ አይደለም። በ1920 የወጣው የብሪታንያ የጋዝ ሕግም ጋዝ በሚሰጠው ሙቀት እየተለካ እንዲሸጥ አደረገ።